ክሱ ከደጃፍ እንዲመለስ መጠየቅ፦ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ መቼ ይቀርባል?

መጥሪያ ደረሰዎት። ክሱን ገለጥ ገለጥ አድርገው አነበቡና "ይሄ እኮ ያለቀለት ነገር ነው! ዛሬ ከየት መጣ?" አሉ። ምናልባት ልክ ነዎት። ግን ልክ መሆን ብቻውን አይበቃም። ነገሩን መቼና እንዴት እንደሚሉት ካላወቁ፣ በጥቂት ገጽ የሚያልቅ ክርክር ዓመት ይፈጃል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የተለመዱ ናቸው። መልሶቹ የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከትለው የተጻፉ ናቸው። የወንጀል ክስ የራሱ ሥርዓት ስላለው እዚህ ውስጥ አልገባም።

የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ማለት ምንድን ነው?

ከሳሽ ያለው እውነት ይሁን ሐሰት ገና ሳይመረመር፣ "ይህ ክስ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰው ወይም በዚህ ጊዜ ሊቀርብ አይገባም" ማለት ነው። "ገንዘቡን አልተበደርኩም" የፍሬ ነገር ክርክር ነው። "ተበድሬም ቢሆን መጠየቂያው ጊዜ አልፏል" ደግሞ መቃወሚያ ነው።

ሕጉ በቁጥር 244 ሰባት ምክንያቶችን ይዘረዝራል። ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም። ጉዳዩ ከዚህ በፊት ተፈርዶበታል። ይኸው ክስ በሌላ ፍርድ ቤት እየታየ ነው። ተከራካሪው ወገን ለመከራከር ችሎታ የለውም። ለመክሰስ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ሲገባ ፈቃድ አልተገኘም። ክሱ በይርጋ ቀሪ ሆኗል፣ ማለትም ለመክሰስ ሕጉ የሰጠው ጊዜ አልፏል። ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት መታየት ያለበት ነው፣ ወይም ቀድሞ በስምምነት አልቋል። ከዚህ ሌላ ጠበቆች በብዛት የሚጠቅሱት ቁጥር 33 አለ። እሱ የሚለው በነገሩ ላይ መብትና ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም ነው።

ታዲያ ስንት ቀን አለኝ?

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። መልሱ ግን ብዙ ሰው ያሳዝናል። ሕጉ "በ15 ቀን" ወይም "በ30 ቀን" ብሎ አይቆርጥም። የሚለው፣ መቃወሚያው ክሱ በሚሰማበት የመጀመሪያ ቀጠሮ፣ ክርክሩ ሳይጀመር ይነሳ ነው። በተጨማሪም ማንሳት በሚቻልበት የመጀመሪያ አጋጣሚ ካልተነሳ እንደተተወ ይቆጠራል ይላል።

ያ የመጀመሪያ አጋጣሚ የቱ ነው? በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ ከታዘዙ፣ የመከላከያ መልስዎን የሚያስገቡበት ቀን ነው። ቁጥር 234 መልሱ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ሲዘረዝር መቃወሚያንም ይጨምራል። ስለዚህ ቀኑን የሚነግርዎት መጥሪያው እንጂ ሕጉ አይደለም።

መጥሪያውን አውጥተው አንድ ጊዜ ደግመው ይዩት። ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ተጽፎበታል። አንደኛው መልስዎን ከነማስረጃዎ አዘጋጅተው በሬጅስትራር በኩል የሚያስገቡበት ነው። ሁለተኛው ችሎት የሚቀርቡበት ነው። ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ሁለተኛው ላይ ነው፤ "ችሎት" የሚለው ቃል ያስደነግጣላ። ያኛው ቀን ሲደርስ ዳኛው ፊት ቆሞ "መቃወሚያ አለኝ" ይላል። ዳኛውም መዝገቡን ገልጠው "መልስ የማቅረብ መብትዎ እኮ ታልፏል" ይላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ቀይ እስክሪብቶ ያክብቡበት።

መቃወሚያውን ለብቻው ላስገባ ወይስ ከመልሱ ጋር?

ከመልሱ ጋር፣ በአንድ ጽሑፍ ያስገቡ። "መጀመሪያ መቃወሚያዬ ይወሰን፣ ውድቅ ከሆነ ያኔ መልስ እሰጣለሁ" የሚል ሐሳብ ጥሩ ይመስላል፤ ግን አደገኛ ነው። መቃወሚያው ውድቅ ሲደረግ ሌላ የመልስ ቀን እንዲሰጥዎት ፍርድ ቤቱ አይገደድም። ቁጥር 235 ደግሞ ከሳሽ ያነሳውን ፍሬ ነገር ለይተው ካልካዱት እንዳመኑት ሊቆጠር እንደሚችል ይናገራል። መቃወሚያው ወድቆ፣ ፍሬ ነገሩም ታምኖ፣ በሁለቱም በኩል ባዶ እጅ መቅረት አለ።

የተለመደው አጻጻፍ ይህን ይመስላል። ከላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ከሳሽና ተከሳሽ። ቀጥሎ "ሀ. የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ" የሚል ርዕስ ይመጣል። ከሥሩ አጭር አንቀጽ፦ "ከሳሽ የጠየቁት ገንዘብ መከፈል የነበረበት በዚህ ቀን ነው። ክሱ የቀረበው በዚህ ቀን ነው። በመካከሉ ከ10 ዓመት በላይ ስላለፈ ክሱ በይርጋ ቀሪ ነው።" ከዚያ "ለ. መቃወሚያው ቢታለፍ በአማራጭ የቀረበ የፍሬ ነገር መልስ" ይባልና ወደ ዋናው ይገባል። መጨረሻ ላይ "ከላይ የተገለጸው እውነት መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ" ተብሎ ይፈረማል።

"በአማራጭ" የምትለዋ ቃል ትንሽ ትመስላለች። ግን "አልተበደርኩም፣ ብበደርም ጊዜው አልፏል" ማለት እርስ በርስ መጋጨት እንዳይመስል የምታደርገው እሷ ናት።

ቀኑ ካለፈብኝስ? በቃ አለቀ?

እንደ መቃወሚያው ዓይነት ይለያያል። ጊዜው ካለፈ የሚሞቱ አሉ፣ የማይሞቱም አሉ።

የቁጥር 244 ንዑስ ቁጥር 3 ደንቡን ካስቀመጠ በኋላ አንድ በር ይተዋል። መቃወሚያው የተመሠረተበት ምክንያት የሚጸና ፍርድ እንዳይሰጥ የሚያደርግ ከሆነ፣ ዘግይቶ ቢነሳም እንደተተወ አይቆጠርም። ዋናው ምሳሌ የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም ያንን ዓይነት ጉዳይ የማየት ሥልጣን ነው። ጉዳዩን ሊያይ የማይችል ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ መሠረት የለውም። ስለዚህ ማንም ባያነሳው እንኳ ፍርድ ቤቱ በደረሰበት ጊዜ ሥልጣን የለኝም ማለት አለበት። ቁጥር 9 ይህንኑ ይላል።

ይርጋ ግን በጊዜው ካልተነሳ ይሞታል። የግልግል ዳኝነት ስምምነትም እንደዚያው። የቦታ ሥልጣንም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ክሱ እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ መቅረብ ሲገባው ሌላ ከተማ ቀርቦ፣ ዝም ብለው መልስ ሰጥተው ሲከራከሩ ከቆዩ፣ በኋላ "ቦታው እኔ ያለሁበት አይደለም" ማለት አይጠቅምም።

ዳኛው ራሱ አይቶ አይዘጋውም እንዴ?

አንዳንዱን ይዘጋዋል። ቁጥር 231 ፍርድ ቤቱ ክሱን ለተከሳሽ ከመላኩ በፊት እንዲመረምር ያደርጋል። የክስ ምክንያት የሌለው ወይም ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የሌለበት ክስ እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ ሊመለስ ይችላል።

ይርጋን ግን ከዳኛው አይጠብቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1856 ፍርድ ቤት በራሱ አነሳሽነት ይርጋን ሊያነሳ እንደማይችል በግልጽ ደንግጓል። ዳኛው ክሱን ሲያነብ ሃያ ዓመት የሞላው ዕዳ መሆኑን ሊያይ ይችላል። ያያል፤ ግን ዝም ይላል። እንዲናገር ሕጉ አልፈቀደለትም። ከችሎት የወጣ ሰው "እንዴት ዳኛ ይሄን አያይም?" ብሎ ሲማረር እሰማለሁ። አይቶታል። ይርጋ የተከሳሽ መብት ስለሆነ የሚጠይቀው ተከሳሹ ነው።

ይርጋው ስንት ነው? ሁሉም ሰው የተለያየ ቁጥር ይነግረኛል።

ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ይርጋ እንደ ጉዳዩ ይለያያል።

ለውል ጉዳይ ልዩ ሕግ ከሌለ 10 ዓመት ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845)። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ መኪና ገጭቶዎት ካሳ ሲጠይቁ፣ 2 ዓመት ነው (ቁጥር 2143)። ውርስን ያለአግባብ የያዘን ሰው ለመጠየቅ ወራሹ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ 3 ዓመት፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ 15 ዓመት (ቁጥር 1000)።

በጣም የሚያጥረው የሥራ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 163 ጊዜዎቹን ለያይቶ ያስቀምጣል። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ በ3 ወር። ለደመወዝ፣ ለትርፍ ሰዓትና ለሌሎች ክፍያዎች በ6 ወር። ከሥራ ውሉ መቋረጥ ጋር ለተያያዘ ጥያቄ በ6 ወር። ለሌላው 1 ዓመት።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሠራተኛ የስንብት ደብዳቤው መስከረም 5 ቀን ደረሰውና ሥራው በዚያው ቀን ተቋረጠ። እሱ ለዘመድ አዝማድ ሲያማክር፣ አለቃው ጋ ሽማግሌ ሲልክ፣ ክሱን ያስገባው ጥር 10 ሆነ። ክሱ ላይ ሁለት ነገር ጠየቀ፦ ወደ ሥራ ልመለስ፣ ካልሆነም የሥራ ስንብት ክፍያ ይሰጠኝ። አሠሪው በመልሱ ይርጋ ካነሳ፣ ወደ ሥራ የመመለሱ ጥያቄ ይወድቃል፤ 3 ወሩ ታኅሣሥ ላይ አልቋል። የስንብት ክፍያው ግን 6 ወር ስላለው ይቀጥላል። እንግዲህ አንዱ ክስ ግማሹ ሞቶ ግማሹ ይኖራል ማለት ነው። አሠሪው "ክሱ በሙሉ ይዘጋልኝ" ቢል አያገኝም። ሠራተኛውም "በጊዜው ነው የከሰስኩት" ቢል ግማሹን ብቻ ነው ልክ የሆነው።

አሠሪው ይርጋውን ሳያነሳ ቢቀርስ? ያኔ ሠራተኛው በጥርም ከስሶ ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል። አዋጁ ይርጋን እንደ መከላከያ የማንሳት መብትን መተው እንደሚቻል ይናገራል። ጊዜው ሳያልፍ በፊት "ይርጋ አላነሳም" ተብሎ የተፈረመ ወረቀት ግን ዋጋ የለውም።

ጊዜው ከየት ተነስቶ ይቆጠራል?

መብቱን መጠቀም ከተቻለበት ቀን ነው። ለብድር ከሆነ መክፈያው ቀን ከደረሰበት ነው፤ ገንዘቡ ከተሰጠበት ቀን አይደለም። ይሄን ስንቱ ይሳሳተዋል! መነሻው ቀን ራሱ አይቆጠርም። የመጨረሻው ቀን በዓል ከሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል (ቁጥር 1848)።

ከዚህ በላይ መጠንቀቅ ያለብዎት መቋረጥ የሚባለውን ነው። ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ ለምሳሌ ወለድ ወይም ከፊሉን ከከፈለ፣ ወይም መያዣ ወይም ዋስ ከሰጠ፣ ይርጋው ተቋርጦ እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። ክስ መቅረቡም ያቋርጠዋል (ቁጥር 1851)። እናም "10 ዓመት አልፎታል" ብለው ከመጻፍዎ በፊት ስልክዎን ይመልከቱ። ከሦስት ዓመት በፊት "ወንድሜ፣ የቀረውን በዚህ ወር እልክልሃለሁ፣ ትንሽ ታገሰኝ" ብለው የላኩት መልእክት ካለ፣ ከሳሹ እሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ይርጋዎ ተቋርጧል ብሎ ይከራከርበታል። ዛሬ ስንት የይርጋ ክርክር በቴሌግራም መልእክት ዙሪያ እየዞረ እንደሆነ ችሎት ቁጭ ብሎ ያየ ያውቃል።

በሥራ ክርክር ደግሞ አንድ ተጨማሪ በር አለ። ሠራተኛው በበሽታ፣ ከሚኖርበት ቦታ ውጭ በመዛወሩ ወይም በብሔራዊ ግዳጅ ጥሪ ሳይከስ ከቀረ፣ ጊዜው አልፎም ጥያቄው ሊታይለት ይችላል። ግን ያ ምክንያት ከተወገደ በ10 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። አሠሪ ከሆኑ፣ ይህቺን 10 ቀን ሳይቆጥሩ "ከአቅም በላይ ነበር" የሚለውን ክርክር አይቀበሉ።

የሥልጣን መቃወሚያ ሁለት ዓይነት ነው ይባላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

የሥረ ነገር ሥልጣን "ይህን ዓይነት ጉዳይ፣ ይህን ያህል ግምት ያለውን፣ የሚያየው የትኛው ፍርድ ቤት ነው?" ይላል። በአዲስ አበባ ለምሳሌ በከተማው አስተዳደር ሥር ያለ ቤት ክርክር፣ የወራሽነት ማስረጃ ይሰጠኝ የሚል ጥያቄ ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ፌዴራል ፍርድ ቤት ከቀረበ የሥረ ነገር ሥልጣን ጥያቄ ይነሳል። ይህ አይሞትም፤ ከላይ እንዳልነው በየትኛውም ደረጃ ሊነሳ ይችላል። ቢሆንም ቶሎ ያንሱት። ዓመት ተከራክረው ማስረጃ ተሰምቶ በመጨረሻ "ሥልጣን የለንም" ሲባል ያለቀው ገንዘብና ጊዜ የእርስዎም ነው።

የአካባቢ (የቦታ) ሥልጣን ደግሞ "የትኛው ከተማ?" የሚለው ነው። ይህ ወዲያው ካልተነሳ ይቀራል።

ውላችን ላይ "አለመግባባት ቢፈጠር በግልግል ይታያል" ይላል። ባላጋራዬ ግን ፍርድ ቤት ሄደ።

በመጀመሪያው መልስዎ ያንሱት። የውሉን ኮፒ አያይዙ፤ አንቀጹን አስምረውበት። የግልግል ስምምነት ሁለት ሰዎች ያደረጉት ነው፤ ሁለቱም ሊተዉት ይችላሉ። ባላጋራዎ ፍርድ ቤት መሄዱ የእሱ መተው ነው። እርስዎም ዝም ብለው ወደ ፍሬ ነገሩ ከገቡ የእርስዎ መተው ሆነ። አለቀ።

መቃወሚያ ካስገባሁ በኋላ ምን ይሆናል?

ከሳሽ መልስ እንዲሰጥበት ይደረጋል፤ በጽሑፍ ወይም በቃል። መቃወሚያው ማስረጃ የሚፈልግ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ማስረጃ ያስቀርባል (ቁጥር 245)። ለምሳሌ የስንብት ደብዳቤው መቼ ደረሰ የሚለው የሚያከራክር ከሆነ ደብዳቤው ይታያል፣ የፈረመበት ሰው ይጠራል። ከዚያ ብይን ይሰጣል። "መቃወሚያው በብይን ታልፏል" ከተባለ ውድቅ ሆኗል ማለት ነው፤ ወደ ፍሬ ነገሩ ይቀጥላል።

አንዳንዴ መቃወሚያው ከዋናው ክርክር ጋር ተጠላልፎ ሊነጠል አይችልም። ይርጋው የሚጀምርበትን ቀን ለማወቅ ውሉ ራሱ መተርጎም ካለበት፣ ዳኛው ማስረጃ ሰምቶ በፍርዱ ውስጥ አብሮ ሊወስነው ይችላል። ያኔ "ለምን ቶሎ አልወሰኑልኝም?" ብሎ መበሳጨት አያዋጣም።

የሥራ ክርክር ከሆነ ነገሩ መፍጠን አለበት። አዋጁ የሥራ ክርክር ችሎት ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይጠብቃል። ስለዚህ የመልስ ቀኑም አጭር እንደሚሆን ይገምቱ።

መቃወሚያዬ ተቀባይነት ካገኘ ነገሩ ለዘላለም ተዘጋ ማለት ነው?

አይደለም፤ ይሄ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነው። ከሁለት አንዱ ይሆናል።

በይርጋ ወይም ቀድሞ ተፈርዶበታል በሚል ምክንያት ከወደቀ፣ ያ ጥያቄ አብቅቷል። ከሳሹ ያለው መንገድ ይግባኝ ብቻ ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ፈቃድ አልተገኘም፣ ከሳሹ ችሎታ የለውም በሚል ከተዘጋ፣ ጉድለቱን አሟልቶ ወይም ትክክለኛው ፍርድ ቤት ሄዶ እንደገና መክሰስ ይችላል። ስለዚህ ተከሳሹ "አሸነፍኩ" ብሎ መዝገቡን ከመጣሉ በፊት ብይኑን ያንብበው። የትኛው ነው የተባለው? ከሳሹ ደግሞ ወደ ሌላ ፍርድ ቤት ሲሄድ ይርጋው እየሮጠ መሆኑን አይርሳ።

ወጪና ኪሳራም አለ። አሸናፊው ወገን ያወጣውን ወጪ ዘርዝሮ ሊጠይቅ ይችላል። ደረሰኝ ያስቀምጡ።

ውድቅ ከተደረገብኝ ወዲያው ይግባኝ ልበል?

አይቻልም። ቁጥር 320 ንዑስ ቁጥር 3 በመቃወሚያ ላይ የተሰጠ ብይንን ከሌሎች ጊዜያዊ ትእዛዞች ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ፣ ይግባኝ የሚባልበት አይደለም ይላል። ዋናው ፍርድ ሲሰጥ በዚያ ላይ በሚቀርበው ይግባኝ ውስጥ ግን ምክንያት ሆኖ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ብይኑን በልብዎ ይዘው ክርክሩን ይቀጥሉ። የመጨረሻው ፍርድ ሲወጣ ይግባኙ በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ለሥራ ክርክር 30 ቀን።

በተቃራኒው መቃወሚያው ተቀባይነት አግኝቶ መዝገቡ ከተዘጋ፣ ለከሳሹ ነገሩ የመጨረሻ ነው። ወዲያው ይግባኝ ይላል። የይግባኙ ፍርድ ቤት ብይኑን ከሻረው መዝገቡን ወደ ሥር ፍርድ ቤት መልሶ ፍሬ ነገሩ እንዲታይ ሊያደርግ ይችላል (ቁጥር 341)።

መልሴን ካስገባሁ በኋላ ነው ይርጋው ትዝ ያለኝ።

ቁጥር 91 ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት አቤቱታን ወይም መልስን ለማሻሻል ይፈቅዳል። ማመልከቻ ያስገቡ፣ ምክንያቱን ይንገሩ። ግን ፈቃዱ የፍርድ ቤቱ ነው። ባላጋራዎም "የመጀመሪያ አጋጣሚውን አሳልፏል" ብሎ ይቃወማል፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። ማመልከቻው በዘገየ ቁጥር ዕድሉ ይቀንሳል። ምስክር ከተሰማ በኋላ ከሆነ እኔ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም።

መጥሪያው ሳይደርሰኝ ተፈርዶብኛል። መቃወሚያዬስ?

መጀመሪያ ፍርዱ መነሳት አለበት። ቁጥር 78 በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰዎት ወይም ያልቀረቡበትን በቂ ምክንያት ያስረዳሉ። ከተነሳልዎት ወደ መልስ መስጫው ደረጃ ይመለሳሉ፤ መቃወሚያውም ያኔ ይነሳል። ያቺ አንድ ወር ራሷ ቀነ ገደብ ናት። "ፍርዱን መቼ አወቁ?" ሲባሉ የሚመልሱት ቀን እንዲኖርዎት፣ የአፈጻጸም ወረቀቱ የደረሰበትን ፖስታ እንኳ አይጣሉ።

ያሉትን መቃወሚያዎች ሁሉ ባነሳስ? አንዱ ቢያዝልኝ?

ሰባት መቃወሚያ የተደረደረበት መልስ አይቻለሁ። ሰባተኛው ላይ ሲደረስ ዳኛው የመጀመሪያውንም የማመን ፍላጎት አልነበረውም። አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ካለዎት ከፊት ያስቀምጡት፤ ሁለተኛ ካለ ይከተል። የቀረውን ይተዉት። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ይርጋንና ግልግልን "ለኋላ ላቆያቸው" ብለው አይተዉ፤ ኋላ አይገኙም።

እኔ ከሳሽ ነኝ። ይሄ ሁሉ ምን ያገባኛል?

ያገባዎታል። ተከሳሽ የመልሶ ክስ ካቀረበብዎት ለዚያ ክስ እርስዎ ተከሳሽ ነዎት፤ መቃወሚያ የማንሳት ጊዜው ለእርስዎም ይሠራል። ከዚያ ውጭም ክሱን ሲጽፉ ይርጋው እንደተቋረጠ የሚያሳየውን ነገር፣ ያ መልእክት፣ ያ ከፊል ክፍያ፣ ያ የተፈራረማችሁበት ወረቀት፣ ከመጀመሪያው ማስረጃ ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ።

ጠበቃ መያዝ ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም። አቅም ከሌለዎት የሕግ ትምህርት ቤቶች የከፈቷቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ፤ ሴት ከሆኑ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ይረዳል። የትም ቢሄዱ መጥሪያውን በደረሰዎት ሳምንት ይዘውት ይሂዱ። የመልስ ቀኑ ዋዜማ መጥቶ "ነገ ነው" የሚል ደንበኛ ማንም አይወድም።

እና መልሱን ሲያስገቡ አንድ ግልባጭ በእጅዎ ይዘው ይሂዱ። ሬጅስትራሩ ዋናውን ሲቀበል ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። "በጊዜው አላስገባም" ሲባሉ የሚያወጡት ወረቀት እሱ ነው።